ነፃ ትምህርት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኩል፤ እንዴት እንማርበት?



ባለፈው ዕትም አንድ ጓደኛችን ከካርቶንና ከቆርኪ መርጃ መሣሪያ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጽፎልን ብዙዎቻችን ተጠቅመንበታል። እኔም በበኩሌ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚሰጥ ትምህርት፣ በተለይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን መነሻ አድርገን እንዴት ልንማርበት እንደምንችል፣ ያየሁትንና የሞከርኩትን ለማቅረብ እሞክራለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም ባለማወቄ አፍሬ ስለነበረ ነው።

ሀ. ነገሩ የተነሣበት ምክንያት

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ 5ኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይን ስለማካፈል አስተማርኩ። የትምህርት ዕቅዴ የተሟላ ነበር። ዓላማው፣ መግቢያው፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ግምገማው፣ ሁሉም በየሳጥኑ ሰፍሯል። ሰሌዳው ላይ «ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጠን እናባዛለን» ብዬ ጻፍኩና ሦስት ምሳሌ ሠራሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ለምንድነው የሚገለበጠው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ለምን እንደሚገለበጥ እኔም አላውቅም ነበር። እኔም የተማርኩት «ገልብጡና አባዙ» ተብዬ ነው። «ሕጉ ነው፤ ዝም ብለህ ገልብጥ» አልኩት። ልጁ እጁን አወረደ፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻም ድረስ መልሶ አላነሣውም። የገመገሙኝ መምህር ስለ ጽሕፈቴና ስለ ሰሌዳ አጠቃቀሜ አመሰገኑኝ። እኔን ግን ያ የወረደ እጅ እንቅልፍ ነሣኝ።

12ኛ ክፍልን በምን ሁኔታ እንደጨረስን ሁላችንም እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። እንግዲህ ከመቶው ዘጠና ምናምኑ የት ገባ? አንዳንዳችን እዚሁ ነን። ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆመውም እኛው ነን። እኛ ያልሞላነውን ጉድለት ለተማሪዎቻችን እናወርሰዋለን። ስለሆነም ጉዳዩ ትርፍ ጊዜ የማሳለፍ ጉዳይ አይደለም።

ለ. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምን መነሻ ሆነ?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማለት በዕድሜ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት ሳይለይ ለማንኛውም ሰው የተከፈተ የዕውቀት ቤት ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣውና በ1994 እና በ2022 በታደሰው መግለጫ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በመርሕ ደረጃ ከክፍያ ነፃ መሆን እንዳለበት ተመልክቷል። በአገራችን ወመዘክር እየተባለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው። በየከተማውም ጥቂት መደርደሪያና ጥቂት ኮምፒውተር ያላቸው ትንንሾች አሉ። የእኔም ታሪክ ከትንንሾቹ በአንዱ ነው።

ከዚያ ክፍለ ጊዜ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። በሩ አጠገብ የሚቀመጡት ጎልማሳ ሠራተኛ፣

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሂሳብ የሚያስረዳ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር።»

«የስንተኛ ክፍል?»

«የ5ኛ» ለማለት አፌ ተያዘ። «ለታናሽ ወንድሜ ነው፤ የ5ኛ ክፍል» ብዬ ዋሸሁ። ታናሽ ወንድም የለኝም። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «መጽሐፉ አለ። ግን እዚያ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ብትቀመጪ ደግሞ የሚያስረዳሽ ታገኛለሽ። ወንድምሽንም ታስረጂዋለሽ» አሉኝ። ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ።

ኢንተርኔት በስልካችን እያለ ለምን ቤተ መጻሕፍት ድረስ? ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በስልክ የሚታይ ቪዲዮ የካርድ ገንዘብ ይበላል፤ በቤተ መጻሕፍት ግን ወጪው የእኛ አይደለም። ሁለተኛ፣ በስልክ ስማር በየደቂቃው ቴሌግራሙ ይጠራኛል። እዚያ ግን ሰው ሁሉ አጎንብሶ ሲያነብ እኔም አፍሬ አነባለሁ። ሦስተኛ፣ መጽሐፉና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ያልገለጸውን ሌላው ይገልጸዋል።

ሐ. በነፃ የሚገኘው ትምህርት ምን ምን ነው?

1ኛ. ካን አካዳሚ። ሳልማን ካን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ራቅ ያለ ከተማ የምትኖር የሥጋ ዘመዱን ልጅ በስልክ ሂሳብ ያስጠናት ነበር። ልጅቱን ያስቸገራት መለኪያዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ነበር። ሌሎች ዘመዶችም ስለበዙበት በ2006 ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀዳ በዩቲዩብ ያስቀምጥ ጀመር፤ በ2008 ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አደረገው። ከመቁጠር ጀምሮ እስከ ካልኩለስ ድረስ ቪዲዮና መልመጃ አለው። መልመጃው ስትሳሳቱ እርምጃ በእርምጃ ያሳያችኋል።

2ኛ. የኤም.አይ.ቲ. ክፍት ትምህርት። በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 የትምህርት ማስታወሻዎቹንና ፈተናዎቹን ለዓለም በነፃ እንደሚከፍት አስታወቀ። በ2002 በ50 ኮርሶች ጀመረና ዛሬ ከ2,500 በላይ ደርሷል። ለእኛ ደረጃ ይከብዳል። ነገር ግን ሰው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ለማየት ይጠቅማል።

3ኛ. ቴሳ እና ኦፕንለርን። ቴሳ በተለይ ለእኛ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነትና በአፍሪካ ተቋማት ተሳትፎ የተጀመረ ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ላሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በቋንቋ፣ በሂሳብ፣ በሳይንስ፣ በኅብረተሰብ ትምህርትና በሕይወት ክህሎት የክፍል ውስጥ ተግባራትን ያቀርባል። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በአካባቢ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ኦፕንለርን ደግሞ ያው ዩኒቨርሲቲ በ2006 የከፈተው ሲሆን አጫጭር ኮርሶችን ይሰጣል። ኮርሱን ለፈጸመ የተሳትፎ ማስረጃም በነፃ ይሰጣል።

4ኛ. ፌት። በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊመን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ነው። የሳይንስና የሂሳብ ሙከራን በኮምፒውተር ላይ እንደ ጨዋታ ያስመስላል። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አገናኝታችሁ መብራቱን ታበራላችሁ። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

5ኛ. የአፍሪካ ተረት መጻሕፍት። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ይባላል። ለታዳጊ አንባቢዎች ሥዕል ያላቸው አጫጭር ታሪኮች በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ይገኙበታል፤ አማርኛም አለበት። ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች አትሞ ማንበብ ይቻላል።

በተጨማሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፣ ፕሮግራሚንግንና የመሳሰለውን ትምህርት በነፃ ከነምስክር ወረቀቱ አቅርቧል።

መ. ክፍልፋዩ ለምን ይገለበጣል?

ስም መደርደር ብቻውን ዋጋ ስለሌለው አንዱን ትምህርት እንዴት እንደተማርኩት ላሳይ። ካን አካዳሚን ስከፍት በቀጥታ ወደ «ክፍልፋይን ማካፈል» ገባሁ። አልገባኝም። ወደ 4ኛ ክፍል ወረድኩ። አሁንም መልመጃው ጣለኝ። በመጨረሻ 3ኛ ክፍል ላይ «ሩብ ምንድነው?» ከሚለው ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንዳያይብኝ ስክሪኑን በደብተር ከለልኩት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረው መውረዱ አልነበረም።

ቪዲዮው የሚያስረዳው በፒዛ ነበር። ለእኛ ልጆች ግን እንጀራ ይሻላል ብዬ እንደሚከተለው ገለበጥኩት፦

3 እንጀራ አለ እንበል። ለያንዳንዱ ልጅ ሩብ፣ ማለትም 1/4 እንጀራ ብንሰጥ ለስንት ልጅ ይበቃል? ጥያቄው 3 ÷ 1/4 ማለት ነው። አንዱ እንጀራ 4 ሩብ ይወጣዋል። 3ቱ እንጀራ 3 × 4፣ ማለትም 12 ሩብ ይወጣቸዋል። ስለዚህ ለ12 ልጅ ይበቃል። እንግዲህ ለ1/4 ማካፈልና በ4 ማባዛት አንድ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ልጆቹ በጣም ስለራባቸው ለያንዳንዳቸው 3 ሩብ፣ ማለትም 3/4 እንስጣቸው። 3 ÷ 3/4 ስንት ይሆናል? ሩቦቹ ያው 12 ናቸው። አንዱ ልጅ 3 ሩብ ከወሰደ 12 ለ3 ሲካፈል 4 ይሆናል። ለ4 ልጅ ይበቃል። ምን አደረግን? መጀመሪያ በ4 አባዛን፤ ቀጥለን ለ3 አካፈልን። ይኸውም በ4/3 ማባዛት ነው። ክፍልፋዩ የተገለበጠው ለዚህ ነው! ታችኛው ቁጥር እንጀራውን ስለሚቆርስ ያበዛል፤ ላይኛው ቁጥር ቁራሹን ስለሚሰበስብ ያካፍላል።

ይህን ስጽፍ 5 ደቂቃ አልፈጀብኝም። እስኪገባኝ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጅቷል። 12 ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሼ የማላውቀውን በሦስት ቅዳሜ ዐወቅሁ ማለት ነው።

ሠ. የአጠናን ዘዴ

ቪዲዮ ማየትና መማር አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ሰሞን አሥር ቪዲዮ በተከታታይ አይቼ «ገባኝ» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ባዶ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ አንዱም አልመጣልኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። አንድን ምንባብ ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ፣ አንብበው ከዘጉ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የበለጠ የጠቀመው ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ የምከተለው እንዲህ ነው።

1. ቪዲዮውን ከመክፈቴ በፊት ስለ ርዕሱ የማውቀውን በደብተሬ እጽፋለሁ።

2. አስተማሪው ጥያቄ ሲያወጣ ቪዲዮውን አቁሜ ራሴ እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ በፕላዝማ ነው የተማረችው፤ ይህ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረ ነው። «ሠርተን ሳንጨርስ የፕላዝማው መምህር ወደፊት ይሄድብን ነበር» ትላለች። የአሁኑ ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። ይህን ዕድል ካልተጠቀምንበት ግን ከፕላዝማ አይሻልም።

3. ኮምፒውተሩን ከለቀቅሁ በኋላ ሁሉን ዘግቼ የተማርኩትን ከራሴ አውጥቼ እጽፋለሁ።

4. ማታ መኝታ ክፍል ለጓደኞቼ አስረዳለሁ። ያልገባኝ ነገር የሚታወቀኝ ያኔ ነው።

ረ. ችግሮቹ

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛን እንግሊዝኛ ደግሞ እናውቀዋለን። እኔ ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ ያልገባኝን ቃል በደብተር እመዘግባለሁ። በአንድ ርዕስ ውስጥ የሚመላለሱት ቃላት ጥቂት ናቸው። «ታች ቁጥር»፣ «ላይ ቁጥር»፣ «እኩል» የሚሉትን ካወቅን በኋላ ይቀላል።

ሁለተኛው መብራትና መስመር ነው። አንድ ቀን መልመጃ ልጨርስ ሁለት ጥያቄ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎችም ነበሩ፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹን አስቀድሜ በደብተር እገለብጣለሁ፤ መብራት ቢጠፋም መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እሠራለሁ።

ሦስተኛው የምስክር ወረቀት ጉጉት ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች ትምህርቱን በነፃ ያሳያሉ፤ ለምስክር ወረቀቱ ግን ያስከፍላሉ። አንዳንድ ተማሪም ቪዲዮውን እያሳለፈ፣ መልሱን ከሌላ ቦታ እየገለበጠ ወረቀቱን ብቻ ይሰበስባል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ያን የ5ኛ ክፍል ልጅ አይመልስለትም። በነፃ ትምህርት ስም የባንክ ምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ደግሞ አጭበርባሪ ነውና ወዲያው ዝጉት።

አራተኛው ጀምሮ መተው ነው። የሚቆጣጠር፣ ስም የሚጠራ፣ የሚቆጣ የለም። በዚህ ረገድ የቆሎ ተማሪን ላስታውስ። የኔታ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ይማራል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ዳቦው ግን ተለምኖ ነው። የእኛም እንደዚያው ነው። ዕውቀቱ በነፃ ተዘርግቷል፤ የካርዱ፣ የመንገዱና የጊዜው ዋጋ ግን የእኛ ነው። የቆሎ ተማሪ የጸናው ደግሞ ብቻውን ስላልነበረ ይመስለኛል። ጓደኞቹ ትምህርቱን ከእሱ ጋር ይከልሱ ነበር። እኛም ብቻችንን ከምንጀምር አራት አምስት ሆነን አንድ ኮርስ ብንይዝ ለመጨረስ እንችላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ይህም ድር ነው።

ሰ. ከቤተ መጻሕፍቱ ወዲያ

በመጪው ዓመት ብዙዎቻችን የምንመደበው ቤተ መጻሕፍት ቀርቶ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እስከዚያ ብቻ ነው ማለት ነው? አይደለም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መንገዶች አሉ። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን በሙሉ አውርዶ ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ የካን አካዳሚንና የሌሎችን ትምህርት በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ በዙሪያው ላሉ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ያከፋፍላል። የፌት ሙከራዎችም ይወርዳሉ። እዚህ እያለን በቤተ መጻሕፍቱ መስመር አውርደን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ይዘን መሄድ እንችላለን። ስልክ ደግሞ በፀሐይ ኃይል ይሞላል።

«ይህ ስርቆት አይሆንም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ፈቃድ አለ። ካን አካዳሚና ኤም.አይ.ቲ. በዚህ ፈቃድ መሠረት፣ የባለቤቱ ስም እስከተጠቀሰ፣ ለንግድ እስካልዋለና የተሻሻለውም በዚያው ፈቃድ እስከተሰጠ ድረስ፣ መቅዳትና መተርጎም ይፈቅዳሉ። እንጀራውን በፒዛው ፈንታ ማስገባት እንችላለን ማለት ነው። ፈቃዱ ያልተጻፈበትን ግን ዝም ብሎ ማባዛት ተገቢ አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ የነፃ ትምህርት ምንጩ ብዙ ነው፤ ቅርቡ በር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የሚያስተምረው ግን ቪዲዮው ሳይሆን የእኛው እርሳስና ደብተር ነው። ከደረጃችን ዝቅ ብለን ለመጀመር ካፈርን ግን ሁሉም ከንቱ ነው።

የልምምዱ ጊዜ ስላለቀ ያን ልጅ መልሼ አላገኘሁትም። መልሱ በእጄ አለ፤ ጠያቂው ግን የለም። ይህ ቁጭት እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን መጻፌ። ባለፈው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ስገባ እኚያ ሰውዬ፣ «ወንድምሽስ፣ ገባው?» ብለው ጠየቁኝ። «ገባው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያስ ለሌሎቹም ንገሪ» አሉኝ። እነሆ ነገርኳችሁ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. 2 ÷ 2/3 ስንት ይሆናል? ሳትገለብጡ፣ በእንጀራ ሥሉና አስረዱ።

2. በምታስተምሩት የትምህርት ዓይነት «ሕጉ ነው» ብላችሁ የምታልፉት ነገር ምንድነው? አንድ ጻፉ።

3. የጻፋችሁትን ይዛችሁ ቅዳሜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ያገኛችሁትን መልስ ለሚቀጥለው ዕትም አዘጋጁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን።